አንባቢያን ይጠይቃሉ፦ በባሕር ጠረፍ አፋፍ ላይ በነፃ ስለ መጓዝ

ጥያቄ፦ የተከበሩ አዘጋጅ፣ አስቀድሜ የአክብሮት ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ዕድሜዬ 61 ነው፤ ተወልጄ ያደግሁት ኩታበር ሲሆን የምኖረው ደሴ ነው። ለ33 ዓመታት አስተምሬ በጡረታ ላይ እገኛለሁ። ልጄ በእንግሊዝ አገር ፕሊማውዝ በምትባል የወደብ ከተማ ነርስ ሆና ትሠራለች፤ በመጪው ግንቦት ለሁለት ሳምንት እንድጠይቃት የጉዞዬን ጉዳይ ጨርሳለች። በስልክ ባወራን ቁጥር፣ «አባዬ፣ በባሕሩ አፋፍ ላይ ማንም ገንዘብ የማይጠይቅበት የእግር መንገድ አለ፤ አንድ ሙሉ ቀን አብረን እንሄዳለን» ትለኛለች። እውነት ነፃ ነውን? በሰው መሬት ላይስ ያለ ፈቃድ እንዴት ይኬዳል? በልጅነቴ ከብት የጠበቅሁት አፋፍ ላይ ስለሆነ ገደል አውቃለሁ፤ ባሕር ግን በዓይኔ አይቼ አላውቅም። እሷ ሥራ ስለሚበዛባት የጉዞውን ዕቅድ እኔው አዘጋጅቼ ብሄድላት ደስ ይለኛልና ምክርዎን አይንፈጉኝ።
የቀድሞ መምህር፣ ከደሴ

መልስ፦ መምህር፣ ልጅዎ ያለችዎ እውነት ነው። መንገዱ «ሳውዝ ዌስት ኮስት ፓዝ» ይባላል፤ በእንግሊዝ ደቡብ ምዕራብ ያለውን ምድር ባሕር ባሕሩን ይዞ የሚዞር ሲሆን፣ ሶመርሴት ውስጥ ከምትገኘው ከማይንሄድ ተነሥቶ ዴቨንንና ኮርንዎልን ካካለለ በኋላ ዶርሴት ውስጥ ፑል ወደብ አፍ ላይ ያበቃል፤ ርዝመቱም 630 ማይል፣ በእኛ መለኪያ 1,014 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ፕሊማውዝ እዚያው መንገዱ ላይ ያለች ከተማ ናት። ቲኬት ቆራጭ የለም፤ መዝገብ ላይ መፈረምም የለም።

መሬቱ የሰው ነው ብለው መጠየቅዎ ተገቢ ነው፤ አብዛኛው የገበሬ ግጦሽ ወይም የእርሻ ማሳ ነውና። ነገር ግን በዚያ አገር በእግረኛ መሄጃነት የታወቀ መንገድ በግል መሬት ላይ ቢያልፍም የማለፍ መብቱ የሕዝብ ነው፤ ባለቤቱ ሊዘጋው አይችልም። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣ ሕግ ደግሞ ይህንኑ መብት በእንግሊዝ ጠረፍ ሁሉ ዙሪያ ለማዳረስ መሠረት ጥሏል፤ በንጉሥ ቻርልስ ሣልሳዊ ስም የተሰየመውና 2,700 ማይል ገደማ የሚሆነው የጠረፍ መንገድ የዚህ ሕግ ፍሬ ነው። ከእርስዎ የሚጠበቀው ከመንገዱ አለመውጣት፣ የተዘጋ በር አግኝተው ከሆነ ዘግተው፣ የተከፈተ ከሆነም እንደተከፈተ ትተው ማለፍ ነው። በግንቦት ላሞች ከጥጆቻቸው ጋር ሜዳው ላይ ስለሚሰማሩ በላምና በጥጃ መካከል አይግቡ ማለትም ነበረብኝ፤ ይህንን ግን ለኩታበር እረኛ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ይሆንብኛል።

ወጪ የሚያስወጣው ከመንገዱ ውጭ ያለው ነገር ነው። በመኪና ከሄዳችሁ የማቆሚያ ክፍያ አለ፤ በአውቶቡስ ከሄዳችሁ የአውቶቡስ። የአውቶቡሱ ታሪፍ ከ2025 (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ አንሥቶ ለአንድ ጉዞ ከ3 ፓውንድ እንዳይበልጥ ተወስኖ ነበርና፣ ስትሄዱ የጸናውን ዋጋ ልጅዎ በስልኳ ታረጋግጥ። ስንቅ ከቤት ከያዛችሁ ሌላ ወጪ የለም።

አሁን ወደ ዕቅዱ ልግባ። እኔ ለትምህርት በደቡብ ዴቨን በቆየሁበት ዓመት ከዚህ መንገድ ብዙውን ክፍል በእግሬ ሄጄበታለሁ፤ ያየኋቸው ስሕተቶች ሁሉ፣ የራሴም ጭምር፣ ከአንድ ምንጭ የሚቀዱ ነበሩ። ሰው ዕቅዱን የሚጀምረው ከመነሻው ነው፤ «ጠዋት 3 ሰዓት እንነሣ፣ እስከምንደርስበት እንሂድ» ይላል። የአፋፍ ጉዞ ግን መታቀድ ያለበት ከመመለሻው ነው። የመጨረሻው አውቶቡስ ከየት መንደር በስንት ሰዓት እንደሚነሣ አስቀድመው ይጻፉ፤ በተለይ በገጠር መስመሮች እሑድ አውቶቡሱ ስለሚሳሳ ከእሑድ ይልቅ የሥራ ቀን ይመረጣል። ከዚያ ሰዓት አንድ ሰዓት ተኩል ይቀንሱ፤ መድረስ ያለባችሁ በዚያ ነው። ከዚያም ወደ ኋላ እየቆጠሩ እኩሌታው መንገድ ላይ በስንት ሰዓት መገኘት እንዳለባችሁ ያውጡ። በዚያ ሰዓት እኩሌታው ላይ ካልደረሳችሁ ያለ ክርክር ተመለሱ። ይህንን ውሳኔ ቤት ሆነው ካልወሰኑት አፋፉ ላይ ሆነው አይወስኑትም፤ የሚቀጥለው ጉብታ ሁልጊዜ «ትንሽ ብቻ ቀረህ» ይላልና።

በዚህ ስሌት ውስጥ ፀሐይን እንደ ሰዓት እንዳይጠቀሙባት አደራ እላለሁ። እኛ አገር ዓመቱን ሙሉ ፀሐይ 12 ሰዓት ገደማ ትጠልቃለች፤ ሰውነታችንም ይህንን ለምዷል። ፕሊማውዝ ላይ ግን በግንቦት አጋማሽ የምትጠልቀው በእነሱ አቆጣጠር 9 ሰዓት ገደማ፣ በእኛ አነጋገር ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ነው። ስለዚህ «ገና ብርሃን ነው» ብለው ሲዝናኑ የመጨረሻው አውቶቡስ ከሄደ ሊቆይ ይችላል። ልጅዎ በታኅሣሥ ልትጋብዝዎ ቢያምራት ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ ያኔ በእኛ አቆጣጠር 10 ሰዓት ተኩል ሳይሞላ ይመሻል።

ርቀትን በተመለከተም ካርታ ላይ ያዩት 10 ኪሎ ሜትር የደሴ አስፋልት 10 ኪሎ ሜትር እንዳይመስልዎ። መንገዱ መጀመሪያ የተረገጠው ለሽርሽር አልነበረም፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ቀረጥ ሳይከፈልበት በሌሊት በጀልባ የሚገባውን ሸቀጥ የሚያድኑ የጠረፍ ጠባቂዎች እያንዳንዱን ወሽመጥ ከላይ ሆነው ማየት ስለነበረባቸው አፋፍ አፋፉን ይመላለሱበት ነበር። መንገዱ ዛሬም አቋራጭ የማያውቀው በዚህ ምክንያት ነው፤ ጅረት ወደ ባሕር በሚገባበት ቦታ ሁሉ እስከ ውኃው ይወርድና በማዶ ቀጥ ብሎ ይወጣል። በመላው መንገድ ላይ ያለው አቀበት ሲደመር 35,000 ሜትር ያህል ይሆናል። ከፍተኛው ቦታ ግሬት ሃንግማን የሚባለው ኮረብታ ሲሆን 318 ሜትር ብቻ ነው፤ ከጦሳ ተራራ ሥር ላደረ ሰው ይህ ቁጥር ያስቀው ይሆናል። በእርግጥ ከደሴ ከፍታ ወርደው አየሩ ስለሚወፍርልዎ ትንፋሽ አያጥርዎትም፤ የሚፈተነው ጉልበትዎ ነው፣ ያውም በቁልቁለቱ። ስለዚህ እስከ ግንቦት ድረስ በየሳምንቱ ቢያንስ አንድ ቀን፣ በዚያ የሚያደርጉትን ጫማ አድርገውና ስንቅዎን በጀርባዎ አዝለው ወደ ጦሳ ወጣ እያሉ ይመለሱ። አዲስ ጫማ ገዝቶ አውሮፕላን ውስጥ እንደ መግባት ያለ ጥፋት የለም።

ባሕርን አላውቅም ብለዋልና ስለ ሙላቱ ጥቂት ልበል። እርስዎ ወንዝ ሲሞላ ያውቃሉ፤ ወደ በሽሎ የሚወርዱት ወንዞች ላይ በደጋ ዘንቦ ደራሽ ሲመጣ ሰውም አህያውም ዳር ላይ ቁጭ ብሎ እስኪጎድል ይጠብቃል። ባሕሩም ይሞላል፤ ነገር ግን የሚሞላው ያለ ዝናብ፣ በጨረቃና በፀሐይ ስበት፣ ሰዓቱን ጠብቆ ነው። በ24 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ገደማ ውስጥ ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜም ይጎድላል፤ በዚህም ምክንያት ሰዓቱ በየቀኑ 50 ደቂቃ ያህል ወደ ፊት ይገፋል። ጨረቃ ስትወለድና 15 ሲሞላት ሙላቱም ጉድለቱም ከሌላው ቀን ይበረታል፤ የጨረቃን ሌሊት መቁጠር ለወሎ ሰው፣ ለእስላሙም ለክርስቲያኑም፣ እንግዳ ነገር አይደለምና ይህ ዕውቀትዎ እዚያ ይረዳዎታል። የመሙያውና የመጉደያው ሰዓት በየወደቡ ተሰልቶ በሠንጠረዥ ይወጣል፤ ልጅዎ የፕሊማውዙን ታውጣልዎ።

አፋፉ ላይ ሆነው የሚሄድ ሰው ስለ ሙላት ምን አገባው ሊሉ ይችላሉ። የሚያገባው በሁለት ቦታ ነው። አንደኛው፣ ከላይ ሲታይ የሚያምር የአሸዋ ወሽመጥ ዓይቶ መውረድ ሲያምርዎት ነው፤ በጉድለት ጊዜ ከአንዱ ወሽመጥ ወደ ሌላው በአሸዋው ላይ ተሻግሮ የሄደ ሰው፣ ተመልሶ ሲመጣ ውኃው ከገደሉ ግድግዳ ጋር ተጣብቆ ያገኘዋል፤ ከኋላው ገደል፣ ከፊቱ ባሕር። ሁለተኛው ከፕሊማውዝ በስተ ምሥራቅ ያለው የኤርም ወንዝ አፍ ነው። እዚያ ድልድይም ጀልባም የለም፤ የሚሻገሩት ጫማ አውልቀው፣ ባሕሩ ፈጽሞ ከሚጎድልበት ሰዓት በፊትና በኋላ ባለው አንዳንድ ሰዓት ውስጥ ብቻ ነው። እኔ አንድ ጊዜ በጉራ ሃያ ደቂቃ ዘግይቼ ገብቼ ጉልበቴ ላይ የነበረው ውኃ ወገቤ ደርሷል፤ በግንቦት የዚያ ባሕር ሙቀት ከ11 እና 12 ዲግሪ ብዙ አይዘልም፣ አጥንት ይሰማዋል። ለመጀመሪያ ጊዜ ባሕር ለሚያይ ሰው ይህን መሻገሪያ በዕቅዱ ውስጥ አላስገባለትም።

ገደሉን አውቀዋለሁ ያሉት ነገር ደግሞ በከፊል ብቻ ይሠራል። የእኛ አፋፍ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት እየፈሰሰ በተደራረበ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተሠራ ነውና ጫፉ ላይ የቆሙበት ዐለት በአብዛኛው ጠንካራ ነው፤ እረኛም እግሩን ወደ ገደል አንጠልጥሎ ዋሽንት ይነፋል። የባሕር ገደል ግን ከሥሩ ቀንና ሌሊት በማዕበል ይበላል። ላዩ በሣር ተሸፍኖ ለምለም ሆኖ ሳለ ሥሩ ባዶ ሊሆን ይችላል። ከአንድ ወሽመጥ ወገብ ላይ ሆኜ ጥቂት ቀደም ብዬ ቁጭ ብዬ ዳቦ የበላሁበትን ቦታ ከጎን አየሁት፤ ሣሩ ከዐለቱ አንድ ክንድ ያህል ወጥቶ እንደ ሣር ቤት ክፈፍ አየር ላይ ተንጠልጥሎ፣ ከሥሩም የሣሩ ሥር እንደ ፂም እየተወዛወዘ ነበር። ከዚያን ቀን ወዲህ ከጠርዙ ቢያንስ 5 ሜትር ራቁ የሚለውን የዚያ አገር ምክር ያለ ሙግት ተቀብያለሁ። ናዳ የሚበዛው ብዙ ዝናብ ከዘነበ በኋላ ነው፤ ክረምት ሲከርም በደሴ ዙሪያ መሬቱ የሚንሸራተትበትን ምክንያት የሚያውቅ ሰው ይህን አያጣውም። መንገዱ ተቆርጦ ወደ ውስጥ የሚያዞር ምልክት ካያችሁ፣ አሮጌው መንገድ ምንም ያህል ደኅና ቢመስል አዲሱን ተከተሉ። መንገዱን የሚያመለክተው የኦክ ዛፍ ፍሬ ሥዕል ነው፤ እንጨት ላይ ተቀርጾ ወይም ተለጥፎ ታገኙታላችሁ።

ጉሙን ግን በደንብ ያውቁታል። ወጣት ሳለሁ በአምባሰል በኩል፣ በሰኔ መግቢያ ላይ፣ ወደ አንድ ዘመድ ቤት ስሄድ ጉም ወረደብኝና የገዛ እጄን እስካጣ ድረስ ከበበኝ። መንገዱ አፋፉን ትቶ ወደ ቀኝ መታጠፍ ነበረበት፤ እኔ ታጥፌ እየሄድኩ ነው ብዬ አስብ ነበር። በድንገት የፍየል ድምፅ ሰማሁ፤ የሰማሁትም ከፊቴ ወይም ከጎኔ ሳይሆን ከእግሬ ሥር ነበር። ባለሁበት ቁጭ አልኩ። ጉሙ እስኪገልጥ ሁለት ሰዓት ያህል ጠበቅሁ፤ ሲገልጥ በእኔና በጠርዙ መካከል የነበረው አንዲት የእንጨት ጭነት የማታሳልፍ መሬት ነበረች። የባሕር ጉምም እንደዚሁ በደቂቃ ውስጥ ሊወርድ ይችላል፣ በጸደይ በተለይ፣ ሞቃት አየር በቀዝቃዛው ባሕር ላይ ሲያልፍ። የማዕበሉ ድምፅ ከጎንዎ መሆኑ ቀርቶ ከሥርዎ መምጣት ከጀመረ ይቁሙ። ጉም ካልያዛችሁ ግን በዚህ መንገድ ላይ መጥፋት ያስቸግራል፤ ከፕሊማውዝ አካባቢ ባሕሩን በግራዎ ይዘው ከሄዱ ወደ ምዕራብ፣ በቀኝዎ ከያዙ ወደ ምሥራቅ እየሄዱ ነው።

ጋቢዎን ቤት ይተዉት። ይህን የምለው ጋቢ ጠልቼ አይደለም፤ ካፊያ ሲነካው እንደ እርጥብ ብርድ ልብስ ይከብዳል፣ ነፋሱም ሸራ አድርጎት እርስዎን ይዞ ይሄዳል። ዝናብ የማያሳልፍ ቀላል ጃኬት፣ ከውስጡ ሹራብ፣ ሶሉ ጥርስ ያለው ጫማ፣ ከፈለጉም ከዘራ ይበቃዎታል። ሱሪዎን ካልሲዎ ውስጥ ያስገቡ፤ ከመንገዱ ዳር ጉልበት ድረስ በሚያድገው ቅጠል ውስጥ መዥገር ይኖራል፣ የዚያ አገር መዥገር ደግሞ ላይም የሚባል በሽታ ሊያስተላልፍ ስለሚችል ማታ ገላዎን ይፈትሹ። ቆሎና በሶ በእግር መንገድ ላይ ተወዳዳሪ የላቸውም። ውኃ ለእያንዳንዳችሁ ከአንድ ሊትር ተኩል እንዳያንስ።

የትኛውን ክፍል ልምረጥ ለሚለው፣ ለመጀመሪያው ቀን ከፕሊማውዝ ብዙም ሳይርቅ ኖስ ሜዮ ከምትባል መንደር ተነሥቶ የሚዞረውን አፋፍ እመክርዎታለሁ። እዚያ ሎርድ ሬቨልስቶክ የተባሉ ባላባት በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ገደማ እንግዶቻቸውን በሠረገላ ለማንሸራሸር ያሠሩት መንገድ አለ፤ ለፈረስ ተብሎ ስለተደለደለ አቀበቱ ልከኛ ነው፣ ባሕሩም ከመንገዱ ሁሉ ላይ ወለል ብሎ ይታያል። ጉልበትዎ ካላስቸገረዎ በሁለተኛው ሳምንት ከሆፕ ኮቭ እስከ ሳልኮም ያለውን፣ 13 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሆነውን ይሞክሩ፤ ዐለቱ ሹል፣ ነፋሱም ብርቱ ስለሆነ እውነተኛው ዱር ጠረፍ እሱ ነው። የአየሩ ትንበያ ኃይለኛ ነፋስ ከተናገረ ግን ቀኑን ይለውጡ፤ መንገዱ ነፃ ስለሆነ የሚቃጠል ቲኬት የለም።

አደጋ ቢደርስ 999 ደውላችሁ «ኮስትጋርድ» (የጠረፍ ጥበቃ) በሉ፤ ሰው ወድቆ ብታዩ ራሳችሁ ለማውጣት አትውረዱ። ስልክ የማይሠራባቸው ቦታዎች ስላሉ የት እንደምትሄዱና በስንት ሰዓት እንደምትመለሱ ለልጅዎ ጎረቤት ጽፋችሁ ተዉ። በቀረው አብሽር፣ መምህር።

ጥያቄ፦ በላሊበላ የምኖር የ2ኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ሦስት ሆነን ያለ ገንዘብ አንድ ቀን በተራራ አፋፍ ላይ ለመጓዝ አስበናል፤ የባሕር ጠረፍ የለንምና የእኛ አገር አፋፍ እንዴት ይታቀዳል?
ተማሪ፣ ከላሊበላ

መልስ፦ እኅቴ፣ ለላይኛው ጥያቄ ከተናገርኩት አብዛኛው ለእናንተም ይሠራል፤ የሚለየውን ብቻ ልንገርሽ። ከሁሉ በፊት ስለ ጸጥታው በምትሄዱበት ቀበሌ ያሉ ሰዎችን ጠይቁ፤ ባለፈው ወር ሰላም የነበረ መንገድ በዚህ ሳምንት ላይሆን ይችላል፣ «አትሂዱ» ካሉሽም ምክንያቱን አትጠይቂ። ፈቃዱ ከተገኘ ከከተማው ተነሥቶ ወደ አሸተን ማርያም የሚወጣው መንገድ ለአንድ ቀን ይበቃል። ሲሄዱ መንገዱ አያስከፍልም፤ ገዳሙን ለማየት የሚከፈል ካለ እዚያው ይነግሩሻል። ከ4,200 ሜትር በላይ የሆነው የአቡነ ዮሴፍ ራስ ግን በአንድ ቀን ደርሶ መልስ የሚደፈር አይደለም፤ ለዚያ የአካባቢውን ሰው መሪ አድርጎ ማደር ያስፈልጋል፣ እሱም በነፃ አይሆንም፣ መሆንም የለበትም።

ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ጊዜ ሰማዩ የጠራ ነው፤ ከዚያ በኋላ የበልግ ዝናብ ሊያዳልጣችሁ ይችላል። ገና ጎሕ ሲቀድ ተነሡ። ጭላዳዎች የሚያድሩት በገደሉ ግድግዳ ላይ ነው፤ ፀሐይ ስትሞቅ ወደ ሣሩ ይወጣሉ፣ ማታ ደግሞ መልሰው ወደ ገደሉ ይወርዳሉ። ከአፋፉ ሳትወርዱ እነሱ መውረድ ከጀመሩ ዘግይታችኋል።